የቀለም ቀቢው እጅ

ባለፈው ማክሰኞ ልጃችንን ለክትባት እዚህ ጁባ፣ ማላኪያ ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ ወሰድናት። ነርሷ መዝናት «ጀና ኩዌስ» አለችን፤ ልጅቷ ደህና ናት ማለቷ ነው። ቀጥላ የእኔን ሥራ ጠየቀችኝ። ለመዝገብ ያህል ነበር። እኔ ግን አባቴ ያንኑ ጥያቄ የተጠየቀበት ቀን ትዝ አለኝ።

አባቴ ከወንዙ ማዶ፣ ሸሪካት በሚባል ሰፈር፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና ቀለም ይቀባ ነበር። ማታ ድልድዩን ተሻግሮ ሲመጣ ሮጬ አንገቱ ላይ እጠመጠማለሁ። እጁ ላይ አንድም የቀለም ጠብታ አይገኝም፤ ሁልጊዜ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ያን ሽታ እወደው ነበር።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ የደም ካንሰር ያዘኝ። ለሕክምና የወሰዱኝ አዲስ አበባ ነው። ሐኪሟ የአባቴን ሥራ ከሰማች በኋላ «ቀለሙን በምን ነው የሚያስለቅቁት?» አለችው።

«በቤንዚን ነዋ። ልጄን በቆሸሸ እጅ አልነካም» አላት ኮራ ብሎ።

ቤንዚን በቆዳም በትንፋሽም እንደሚገባ፣ ወላጅ በሥራው የሚነካካው ነገር ልጁ እንዲህ ባለ በሽታ የመያዝ ዕድሉን ከፍ ሊያደርገው እንደሚችል ቀስ ብላ አስረዳችው። «የልጅዎ ሕመም ከዚህ መጣ ማለት ግን አልችልም። ማንም አይችልም።»

አባቴ የሰማው የፊተኛውን ብቻ ነው።

ጁባ ስንመለስ የቀረኝ የሚዋጥ መድኃኒት ነበር። ዝናቡ ገብቶ የሰፈራችን መንገድ ቀይ ጭቃ ሆኗል። አባቴ ጋራዥ ማደር ጀመረ። ሲመጣም በረንዳው ላይ ቆሞ በመስኮት «እንዴት ዋልክ ጎበዙ?» ብሎኝ ይመለሳል። ማንጎ ቢያመጣልኝም ለእናቴ ያቀብላታል እንጂ እንደ ድሮው አይልጥልኝም። ጸጉሬ ስለረገፈ አስጠላሁት ብዬ ኮፍያ ማድረግ ጀመርኩ።

እናቴ ኮፍያውን ለምን እንደማላወልቅ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። ለሐኪሟ ደወለች። አባቴ ሲመጣ ደጅ ወጥታ ያዘችው፤ ንግግራቸው በመስኮት ይሰማኛል።

«ልጁ፣ አባቴ ጸጉሬ መርገፉን አይቶ ተጸየፈኝ ብሎ ኮፍያ አድርጎ ነው የሚጠብቅህ።»

«እኔ? እሱን?»

«ሐኪሟ ቱታህን እዚያው ጋራዡ አውልቅ፣ በሳሙናና በውሃ ታጠብ፣ ከዚያ ልጅህን እቀፍ ብላለች።»

«ቀለሙ በሳሙና አይለቅም እኮ።»

«አይልቀቅ። ልጁን ምን ቸገረው?»

በማግስቱ ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ ገባ። ጥፍሮቹ ሥር ሰማያዊ ቀለም ነበር። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ማንጎ ላጠልኝ፤ ከሥጋው ብዙውን ከልጣጩ ጋር አስቀረው። ከዚያ ኮፍያዬን አወለቀና መዳፉን ራሴ ላይ አደረገ።

ካደግኩ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ሐኪሟ ካለችው የራቀ አላገኘሁም። የአንድን ልጅ ሕመም ከምን እንደመጣ ነጥሎ የሚነግር የለም። ይህን ለአባቴ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። «እሺ» ይላል።

ማክሰኞ ከክሊኒኩ ስንመለስ አባቴን ቤት መጥቶ ሲጠብቀን አገኘነው። ቀለም መቀባት ከተወ ዓመታት አልፈዋል።

«ልያዛት?» አለኝ።

አያት እንዲህ ያለ ነገር አያስፈቅድም። እኔ ከዚያ ሕመም ከዳንኩ ቆየሁ፤ እሱ ግን ገና እያገገመ ነው። ልጄን ደረቱ ላይ አስተኛሁለትና ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ቆሜ የምቆጣጠረው እንዳይመስለው።