የጽጌ ማርያም መሥራች

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ቁልቁለቱን ለሚወርድ መንገደኛ፣ የጽጌ ማርያም የሴቶች ገዳም ፍርስራሽ ይታያል። ዱሮ ሠላሳ መነኮሳይያት ነበሩባት። ደርግ መሬቷን ለገበሬ ሲያከፋፍል የሚበሉት አጡና ወደየዘመዳቸው ተበተኑ። ማዕድ ቤቱ መጀመሪያ የእህል መጋዘን፣ ኋላም ትምህርት ቤት ሆነ፤ ዛሬ ፍየል ያድርበታል። ለአገሬው የሚያገለግለው ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ነው። ከመነኮሳይያቱ የቀሩት እማሆይ በለጡ ብቻ ናቸው። የቀሩትም ጸንተው ሳይሆን መሄጃ ዘመድ አጥተው ነው፤ ይህን ራሳቸው አይደብቁም።

የሚደብቁት ሌላ ነበር። ማን አቆማት ሲባሉ «አንዲት የቤተ መንግሥት ወይዘሮ» ይላሉ። የትኛዋ ወይዘሮ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ትልቅ ስም ጥያቄ አይበዛበትም። ያቆመቻት ግን የገዛ እናታቸው ናት። ባሏ ሲሞት፣ መቅደላ ማዶ ገንቦ ሠርታ ባጠራቀመችው ገንዘብ፣ ማንም ወደማያውቃት አገር መጥታ የመጀመሪያውን ጎጆ ቀለሰች። ሸክላ ሠሪ ቡዳ ናት በሚባልበት አገር ይህ ቢታወቅ ደጇን የሚረግጥ ባልተገኘ። ስለዚህ ወይዘሮዋን ራሷ ፈጠረቻት። እሷም ልጇ በለጡም መነኮሱ። ሲመነኩሱ እንደ ሙት ፍትሐት ይፈታል፤ ለዓለም የሞተ ሰው ደግሞ ዘመድ የለውም። እናትና ልጅ ሃያ ዓመት ከአንድ ማዕድ ሲቀርቡ «እማሆይ» ከመባባል አላለፉም።

አምና ጥቅምት፣ ትህትና የምትባል የባህል ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ታሪኩን ልትመዘግብ መጣች። የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ደሳለው ቀድመው ለምነዋል፦ «በሞቴ እማሆይ፣ የወይዘሮዋን ነገር አደራ! ቅርስ ከተባለ የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ይታደሳል። አለዚያ መጪውን ክረምት አይዘልቅም።»

«መሥራቿ ማን ነበሩ?» አለች ትህትና።

እማሆይ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ነገ ሲያልፉ እናታቸውን የሚያውቅ አይኖርም፤ ያልተፈጠረችው ወይዘሮ ግን በማኅተም ልትጸና ነው። አንገበገባቸው።

«ሸክላ ሠሪ ነበረች» አሉ።

አብረው የተቀመጡት መሪጌታ ጣልቃ ገቡ። «እርጅና ነው ልጄ፣ ይዘነጋሉ።»

«አልዘነጋሁም። ወለተ ሥላሴ ትባላለች። እናቴ ናት።»

ትህትና ጻፈችው። መሪጌታ ሳይሰናበቱ ወጡ።

ጽሕፈት ቤቱ ጉዳዩ ይታያል ብሎ ነበር፤ ክረምቱ ቀደመ። ጣሪያው በነሐሴ ወደቀ። አሁን በእማሆይ ደጅ የሚያልፉ ሴቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። እማሆይ ያያሉ፤ ይከፋቸዋልም። ማለዳ ሲጸልዩ ግን «እናቴን ወለተ ሥላሴን አስባት» ይላሉ፣ መንገደኛው እንዲሰማ ጮክ ብለው።