አበባው ላይ የተተከለ ድንኳን

እሁድ ዕለት ልጄ፣ «እማዬ፣ ፓርኩ ታድሶ ተከፍቷል፤ ወጥተን እንናፈስ» አለችኝ። እስከ በሩ ሄድኩላት። ከዚያ ወዲያ ጉልበቴን አመካኝቼ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

ቦታው ዱሮ ሜዳ ነበር። የሰፈራችን መንገድ ጠባብ ስለሆነ ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን የሚተክለው እዚያ ነው። ሰርጉም እዚያው ነበር። ኋላ ታጠረና መናፈሻ ተባለ፤ ዘበኛ ሆኖ የተቀጠረውም ግድግዳ የምንጋራው የእድራችን አባል ጋሽ ተካ ነበር። ደስ አለን፤ የራሳችን ሰው ነዋ!

በሐምሌ አባቴ ሞተ። የእድሩ ሰዎች ሸራውንና ቋሚውን ተሸክመው በዝናብ መናፈሻው በር ሲደርሱ ጋሽ ተካ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ቆመ።

«አበባ ተተክሏል። ትእዛዝ ነው፤ እንጀራዬን አትዝጉብኝ።»

«ተካ፣ የሞተው እኮ ጎረቤትህ ነው!» አሉት የእድሩ ዳኛ።

«አውቃለሁ። አልከፍትም።»

ለቀስተኛው ሦስት ቀን ደጃችን ላይ ላስቲክ ተከናንቦ ቆመ። የአቃቂ ጥቁር ጭቃ የስንቱን ጫማ ውጦ አስቀረ። ንፍሮው ውስጥ ሳይቀር ዝናብ ገባ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እንደዚያ ሰውዬ የጠላሁት ፍጡር የለም። በሰው ፊት፣ «የሚያለቅስልህ አይኑር!» አልኩት። የገሠጸኝ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ ሰላምታ ነሳው።

በዓመቱ ሚስቱ ሞተች። እድሩ ደንብ ነውና ድንኳኑን ሰጠው፤ ሰዉ ግን ከቀብር መልስ በየቤቱ ገባ። እናቴ ንፍሮ በሳህን ሞልታ፣ «አድርሺ» አለችኝ።

«ለእሱ? ሞቼ እገኛለሁ!»

«ሟቿ ምን አደረገችሽ? ሂጂ አልኩሽ!»

ድንኳኑን የተከለው መናፈሻው ውስጥ ነበር። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ያንን ሲሳሳለት የኖረውን አበባ በካስማ ወግቶታል። አግዳሚዎቹ ባዶ ናቸው። ብቻውን ተቀምጧል። ሲያየኝ ብድግ አለና አጠገቡ ያለውን አግዳሚ በጋቢው ጫፍ ጠረገልኝ።

ዞሬ ሄድኩ። ንፍሮውን ለዶሮ ደፍቼ እናቴን «አድርሻለሁ» አልኳት። በሳምንቱ አበባውን አስረገጥክ ብለው ከሥራ አባረሩት፤ ሰፈሩንም ለቆ ሄደ።

ዛሬም አልማርኩትም፤ የአባቴን ለቅሶ ዝናብ አስመትቷል። የሚያንገበግበኝ ግን ያ የተጠረገ አግዳሚ ነው።

ወጣቱ ዘበኛ እዚያ ድንጋይ ላይ ሲያየኝ ጊዜ አዘነልኝ መሰለኝ።

«እማማ፣ ይግቡ እንጂ፤ በሩ እኮ ክፍት ነው» አለኝ።

ያን ዕለትም ክፍት ነበር።