አዳራሹ ውስጥ ያልተጠራው መድኃኒት

ኦክላንድ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አዳራሹ ውስጥ ለአዛውንቶች በሜዲኬር፣ በአሜሪካ መንግሥት የአዛውንቶች የጤና መድን፣ ሥር ያለውን የመድኃኒት ፕላን የማስመርጠው እኔ ነኝ። ማንም አልሾመኝም። ሳን ሆዜ ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ ማስረዳት እወዳለሁ፣ ሠንጠረዥ ካልሠራሁ ደግሞ ነገሩ የገባኝ አይመስለኝም።

ሁሌ የማስረዳው ይህንን ነው። እያንዳንዱ ፕላን የራሱ የመድኃኒት ዝርዝር አለው። አንዱ በጥቂት ዶላር የሚሰጠውን ክኒን ሌላው ውድ ከሚላቸው ጋር ይመድበዋል፤ ክኒኑ ያው ነው። ስለዚህ የሚወስዱትን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ኮምፒውተሩ ላይ ማስገባት ያስፈልጋል።

ባለፈው ኅዳር የእትዬ ተራ ደረሰ። እትዬ የእናቴ ጓደኛ ናቸው፤ እናቴ ሥራ ስትውል የሚይዙኝ እሳቸው ነበሩ። የክኒን ጠርሙሶቻቸውን በፌስታል ይዘው መጡ። ጠረጴዛውን ጓደኞቻቸው ከበውታል። እኔም ክፍል ውስጥ እንደለመድኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

"የግፊት። የኮሌስትሮል። የስኳር።"

"ስኳሩ ከየት መጣ? ሻይ እንኳ ባዶውን አይደል የምትጠጪው?" አለች አንዷ።

"አንቺን ሳይ ነው የሚጨምረው" አሉ እትዬ። ተሳሳቁ።

"ሌላ የቀረ አለ፣ እትዬ?"

"ይኸው ነው ልጄ። ሰብሚት አድርጊው።"

ተጭኜ ላክኩት። ከአምናው ፕላናቸው በጣም የሚረክስ ስለወጣ ደስ ብሎኝ ነበር።

የካቲት ላይ ደውለው ነይ አሉኝ። ኩሽና ውስጥ ወድቀው ግንባራቸው በልዟል። አልጋቸው አጠገብ አይቼው የማላውቅ ጠርሙስ ነበር፤ ክኒኖቹ ለሁለት ተከፍለዋል። የጠርሙሱን ጽሑፍ አነበብኩ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ነው።

"ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አንቺ ሳትወለጂ።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?"

"እነሱ ፊት? ሠላሳ ዓመት አብረን ስንበላ አንዳቸውም አያውቁም። ቢያውቁ ማን ከእኔ ጋር አንድ ትሪ ላይ ይቀርባል?"

የድሮው ፕላን ይህን መድኃኒት በርካሽ ይሰጣቸው ነበር። እኔ የመረጥኩት ውድ ከሚላቸው ጋር መድቦታል። አዲሱ ፕላን በጀመረበት በጥር ዋጋውን እንደምንም ከፈሉ፤ ከዚያ እንዲበረክትላቸው ክኒኑን ለሁለት እየገመሱ መዋጥ ጀመሩ። ሠንጠረዤ ላይ ስህተት አልነበረም። ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብዬ መጠየቄ ነው ያጠፋሁት፤ ይህን ደግሞ ሌላ ሰው ሳይሆን እኔ፣ እነሱ መሃል ያደግኩት፣ ማወቅ ነበረብኝ።

በዚያው ቀን ሐኪማቸው ዘንድ ወሰድኳቸው። እስከ መጪው የፕላን መምረጫ ወቅት ድረስ ፕላን መቀየር እንደማይችሉ ተነገረን። ሐኪሟ ዋጋው እንዲቀነስላቸው ለፕላኑ ደብዳቤ ጻፈች፤ ክኒኑን ገምሶ መዋጥ አደገኛ መሆኑንም ነገረቻቸው። የዚያን ወር መድኃኒት እኔ ገዛሁ። ለጊዜው ብቻቸውን ባይሆኑ ይሻላል አለች ሐኪሟ።

መኪና ውስጥ፣ "ፎቅ ላይ ላለችው ጎረቤትዎ ቁልፍ ይስጧት" አልኳቸው።

"ምን ብዬ?"

"እንግዲያው በየጠዋቱ እደውልልዎታለሁ" አልኳቸው።

የፕላኑ መልስ እስካሁን አልመጣም። ጠዋት ጠዋት ሳን ሆዜ የትምህርት ቤቱ ፓርኪንግ ውስጥ ሆኜ እደውልላቸዋለሁ። ትናንት ሁለት ጊዜ አላነሱም። በሦስተኛው አነሱና "ሻወር ላይ ነበርኩ፣ ምን ሆነሻል?" አሉኝ። የትምህርት ቤቱ ደወል ከተደወለ ቆይቶ ነበር፤ ተማሪዎቼ ክፍሉ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር፣ እኔ ግን ከመኪናው መውረድ አቃተኝ።