ሁለት ጊዜ የተሰፋ ስም

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከመሳለሚያ ተነሳን። ሚኒባሱ ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች፣ ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦዎች፣ አንድ ጄኔሬተርና በብርድ ልብስ የተጠቀለለች የልብስ ስፌት መኪናዬ አሉ። ከዘጠኛችን ሽበት ያለን ሹፌሩና እኔ ብቻ ነን። የቀሩት ራፐሮችና ጓደኞቻቸው ናቸው። አምስቱ በቡድን ሆነው ቅዳሜ ወልቂጤ፣ እሑድ ቡታጅራ ላይ ኮንሰርት ሊያቀርቡ ነው የሚሄዱት።

እኔ እዚያ መሐል ምን እሠራለሁ? አንደኛ፣ የመድረክ ጃኬቶቻቸውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ መንገድ ላይ የተቀደደውን የሚጠግን ሰው ያስፈልጋቸዋል። ሁለተኛው ምክንያት የታላቅ እህቴ የአስካለ ልጅ ረድኤት ናት። መድረክ ላይ ሬዱ ነው የሚሏት። አስካለ የልጇን ሥራ እስከዚያ ቀን "ያ ጩኸት" እያለች ነበር የምትጠራው። ልጅቷ ሃያ ሦስት ዓመት ስለሞላት መከልከል አልቻለችም፤ ስለዚህ እኔን በር ላይ ያዘችኝና "እንደወሰድሻት መልሺልኝ" አለችኝ። እንግዲህ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የያዘኝ ፍርሃት እስከ ሰኞ አልለቀቀኝም።

አስቀድሜ ስለ ሬዱ አዲስ ዘፈን ልንገራችሁ። ራፐሮች መድረክ ላይ የሰፈር ስም እየጠሩ ሕዝቡን ማስጮህ ይወዳሉ። ሬዱም የሰባት ቤት ጉራጌን ቤቶች አንድ በአንድ የሚጠራ ግጥም ሠራች። ስሞቹን የነገርኳት እኔ ነኝ። አገና ተወልጄ በሰባት ዓመቴ አዲስ አበባ የገባሁ ሰው፣ እግሬ ፔዳሉን እየረገጠ፣ በጣቴ እየቆጠርኩ ሰባት ሞላሁላት። ከዚያ እነዚያኑ ስሞች በጃኬቷ ጀርባ ላይ በቢጫ ክር ጠለፍኳቸው። ሲያልቅ እንዴት እንደኮራሁበት አትጠይቁኝ።

ወልቂጤ

ወሊሶ ላይ ፉል በዳቦ በልተን ቀጠልን። እስከ ወልቂጤ ሁለት ኬላ ላይ አስወረዱን። ሁለተኛው ላይ አንድ ፈታሽ ሞንታርቦዎቹን በእጁ አንኳኩቶ ሲያበቃ ብርድ ልብሱን ገለጠና የስፌት መኪናዬን አየ።

"ይቺም ትዘፍናለች?" አለ።

"ዘይት ከጠጣች" አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን ብርድ ልብሱን ቶሎ መልሼ ጠቀለልኩት።

ወልቂጤ ሙቀቷ ከሩቅ ነው የሚቀበላችሁ። ከጉብሬ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው በሚኒባስና በባጃጅ እየተጫነ ሲገባ ከምሳ በፊት ሜዳው ግማሹ ሞላ። መድረኩ ሁለት አይሱዙ ጎን ለጎን ቆመው፣ በላያቸው ሳንቃ ተነጥፎ የተሠራ ነው። አዘጋጁ ማስረሻ የሚባል ፈጣን ልጅ ነው፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ማብቃት አለብን፣ ፈቃዱ የሚለው እንደዚያ ነው እያለ ይሯሯጣል። እኔ ከጥቁሩ መጋረጃ ጀርባ መርፌዬን ደረቴ ላይ ሰክቼ ቆምኩ።

ሬዱ የወጣችው መጨረሻ ላይ ነው። "ሰባት ቤት!" ስትል ሜዳው ተነሳ። አንዱን ቤት ስትጠራ በቀኝ በኩል ይጮሃል፣ ሌላውን ስትጠራ ከኋላ ያለው ይዘላል። ደስ የሚለውን ያህል ያስፈራል፤ ያ ሁሉ ሰው ተራውን እየጠበቀ ነው። ግጥሙን ስትጨርስ በግራ በኩል ያሉት ልጆች እጃቸውን ወደ ላይ እንዳነሱ ቀሩ። ገና እየጠበቁ ነበር።

"ጌቶስ? የኛ ቤትስ?" የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ብዙ ሆነ። ቀጥሎ ግማሽ ውሃ የያዘ ላስቲክ በአየር ላይ ሲመጣ አየሁት፤ ትከሻዋን መትቶ ወደቀ። አጠገቤ ያለች ሙዝ ሻጭ "ሰባት ብላ ስድስት ቆጠረች እኮ" ብላ ሳቀች። ዲጄው ካሊድ ሙዚቃውን ከፍ ሲያደርገው ማስረሻ ሬዱን በክንዷ ይዞ አወረዳት። ከዚያ በላይ ምንም አልሆነም። ቢሆንም ሚኒባሱ እስክንገባ ድረስ እሷን ከእቅፌ አልለቀቅኳትም።

ሆቴል እንደደረስን የረጠበውን ጃኬት ላሰጣው ጀርባውን ዘረጋሁት። ቆጠርኩ። እንደገና ቆጠርኩ። አንገቱ ስር እዣ ይላል። ሌሎቹ አምስቱ በየረድፋቸው አሉ። ከታች፣ ጠርዙ ላይ፣ ባማረ ጥልፍ፣ እንደገና እዣ ይላል።

የራሴን ቤት ሁለት ጊዜ ቆጥሬአለሁ። ጌቶን ረስቻለሁ።

ሬዱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትከሻዋን ታሻለች። ጀርባዋ ላይ ያለውን አይታው አታውቅም፤ ለባሹ ፊቱን እንጂ ጀርባውን መች ያያል። "ትንፋሽ አጥሮኝ ነው አክስቴ፣ አንዱን ቤት ዋጥኩት" አለችኝ። እኔ ጃኬቱን ገልብጬ አጠፍኩትና "እረፊ ልጄ" አልኩ። ይህንን ብቻ ነው ያልኩት።

ተራራው ላይ

ጠዋት ስንነሳ ቪዲዮው በቲክቶክ ተሠራጭቶ ነበር። ከሥሩ ከተጻፉት ውስጥ አንዱን ማስረሻ ጮክ ብሎ አነበበው፦ "ቡታጅራ እንጠብቅሻለን።" አድናቂ ነው አለ ማስረሻ። የሳቀ ሰው የለም።

በአገና አድርገን ተራራውን ተሻግረን ቡታጅራ ልንወርድ ነው። አገና ላይ ሹፌሩ ጎማ ሲያይ ሻይ ጠጣን፤ ሻይና ፓስቲ ሠላሳ ብር። ሻይ የምትሸጠው ሴት እንደ አገሩ ወግ የማን ቤት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደረቴን ነፍቼ እነግራት ነበር። "እዣ" አልኩና ሂሳቤን ከፍዬ ተነሳሁ።

ከአገና ወዲያ መንገዱ ሽቅብ ነው። መጀመሪያ እንሰቱ ቤቶቹን እስከ ጣሪያቸው ውጦ ይታያል፤ ከዚያ እንሰቱ እየሳሳ ገብስና ባሕር ዛፍ ይመጣል፤ ከዚያ ደግሞ ጭጋጉ ወረደና ምንም የሚታይ ነገር ጠፋ። ሹፌሩ ራሱን በመስኮት አውጥቶ እያዳመጠ ይነዳል። በቀኝ በኩል ገደል እንዳለ የማውቀው ጎማው የገፋው ጠጠር ወርዶ ወርዶ ሲያርፍ ድምፁ ሳይሰማኝ ስለሚቀር ነው። ማርያምን እየጠራሁ የሬዱን እጅ ያዝኩ።

ሬዱ ግን ሐሳቧ ገደሉ ጋ አልነበረም። "ዛሬ አስተካክለዋለሁ" አለችኝ። "ሰባቱንም እጠራለሁ፣ የቡታጅራንም ሰው፣ መስቃኑን፣ ማረቆውን፣ ስልጤውን፣ ክስታኔውን፣ ሁሉንም። አንቺ ጻፊልኝና አጠናዋለሁ።"

ወልቂጤ ላይ ቢያንስ ቁጥሩ ይታወቃል፣ ሰባት ነው። ቡታጅራ ላይ ከየት ተጀምሮ የት እንደሚያበቃ ማን ያውቃል? በዚያ አካባቢ ደግሞ ባለፉት ዓመታት በጎሳ ስም ሰው ስለተጣላ ስም መጥራት ቀላል ነገር አልነበረም። ሰባት መቁጠር ያቃተው እጅ ነው እንግዲህ የሚጽፍላት። "ስንደርስ እጽፍልሻለሁ" አልኳት።

የእትዬ ነፊሳ ቤት

ቡታጅራ አምስት ሰዓት ላይ ገባን። የካሊድ እናት እትዬ ነፊሳ ቤታቸው ከገበያው ጀርባ ነው፤ ግቢው ሙሉ በርበሬ ተሰጥቶ ቀልቷል። በሰላምታ ብቻ ሩብ ሰዓት ያዙን። ቆጮ፣ ጎመንና አይብ ቀረበ። ልጆቹ እንደ ተራበ ሰው በሉ፤ እኔ ቆጮውን እያገላበጥኩ ቀረሁ።

እጃችንን እንደታጠብን ሬዱ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣች። አንድ ብዬ ጻፍኩ። ከፊቱ ስም ማስቀመጥ ግን አቃተኝ።

"ሬዱ፣ ትንፋሽሽ አይደለም" አልኩ። "እኔ ነኝ።"

ጃኬቱን አውጥቼ ጀርባውን ዘረጋሁት። ካሊድ በጣቱ እየነካ ቆጠረ፤ ታች ያለችው እዣ ላይ ሲደርስ ሊስቅ አፉን ከፈተና እናቱን አይቶ ዘጋው። ሬዱ አልሳቀችም።

"ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ስሰድብ አጠገቤ ተኝተሽ ነበር" አለች።

"ፈርቼ ነው።"

"እኔስ? እኔ ያልፈራሁ መሰለሽ?"

እትዬ ነፊሳ ይሰሙን ነበር። በርበሬ ያቀላውን እጃቸውን በሻሻቸው ጠርገው ወደ ሬዱ ዞሩ።

"እኛ ለሞቱብን ዱዓ ስናደርግ ሸኹ ስም አይዘረዝሩም፣ የኔ ልጅ" አሏት። "ስም ከዘረዘርሽ የሚረሳ አለ፤ የረሳሽው ሰው ደግሞ ደጅ ቆሞ ይሰማሻል። ሁሉም የራሱን እናት በልቡ ይጠራል። አሚኑን ግን አብረን ነው።"

ሬዱ ወረቀቱን አየች። ከዚያ አጣጥፋ መለሰችልኝና "ጥልፉን ፍቺልኝ" አለች። የእትዬ ነፊሳ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሰባቱንም ስም በመቀስ ጫፍ ፈታሁ። ቢጫው ክር ጭኔ ላይ ተከመረ።

ዘጠኝ ሰዓት

ሜዳው ከወልቂጤው ይበልጣል፤ ፖሊሱም እንደዚያው። ሰማዩ ጠቁሯል። ሬዱ ስትወጣ ፊት ያሉት ልጆች "ስማችንን ጥሪ! ስማችንን ጥሪ!" ይሉ ጀመር። በደስታ ይሁን በቁጣ መለየት አልቻልኩም። ካሊድ ሙዚቃውን አቆመ።

"ስም አልጠራም" አለች ሬዱ። "ትናንት ጠርቼ አንድ ቤት ረሳሁ።"

ረሳሁ አለች። አክስቴ ረሳች አላለችም።

"ዛሬ እናንተ ጥሩ። ሁላችሁም የእናታችሁን ስም፣ በአንድ ላይ፣ ሦስት ስል።"

ሦስት አለች። ማንም አልተናገረም። ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ያያታል፤ ጄኔሬተሩ ብቻ ይንዶቀዶቃል። ያቺን ዝምታ በምን ልንገራችሁ? የተራራውን ጭጋግ አስር ጊዜ ብሻገር እመርጣለሁ። አንድ ጎረምሳ ወደ መሬት ጎንበስ ሲል ድንጋይ ነው ብዬ መጋረጃውን ገልጬ ልወጣ እግሬን አነሳሁ። ያነሳው ኮፍያውን ነው።

ያኔ ከአጥሩ ውጪ፣ ባጃጁ ላይ የቆመ አንድ ሹፌር በሻከረ ድምፅ "ዘሃራ!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። "የዘሃራ ልጅ፣ ምሳህን በላህ ወይ?" አለው አንዱ። ሬዱ እንደገና ሦስት አለች።

ሜዳው ፈነዳ። ጠብ የተነሳ መስሎኝ ጆሮዬን ያዝኩ። ቀስ እያልኩ ስሰማው ግን ከድጃ ነው፣ ወለተማርያም ነው፣ ዘሃራ ነው፣ አመተ ነው፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚለይ ጆሮ አልነበረም። ካሊድ "ነፊሳ!" ይላል። ሬዱ ማይኩን ከአፏ አርቃ "አስካለ!" ስትል ከአፏ አነበብኩት።

ከመድረክ ስንወርድ ሦስት ልጃገረዶች ሮጠው መጡ። ቲክቶክ ላይ እንጠብቅሻለን ብለው የጻፉት እነሱ ናቸው፤ ፎቶ ሊነሱ ፈልገው ነው። ስልካቸውን ተቀብዬ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ።

ቤት

ሰኞ በቡኢና በጢያ በኩል ተመልሰን ከምሳ በፊት መሳለሚያ ገባን። አስካለ በር ላይ ቆማለች። ልጇን አዙራ አዙራ አየቻትና ትከሻዋ ላይ የጠቆረውን አገኘች። በመዳፏ ዳበሰችው። ቪዲዮውን ሬዱ ስታሳያት የራሷ ስም የተጠራበት ላይ መልሳ መልሳ አየችው። "ያ ጩኸት" ሳትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ማታ አስካለ ጃኬቱን ስታጣጥፍ ጣቷ መርፌው የተወው ቀዳዳ ላይ ቆመ። ክሩ ቢወጣም ቀዳዳው ይነበባል።

"እዚህ ምን ነበር?"

"እዣ።"

"እዚህ ታችስ?"

"እዣ።"

ዓይኗ እንባ እስኪያወጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ገታ አድርጋ፣ "ጌቶዎቹን ይቅርታ ጠይቃችኋል?" አለችኝ።

አልጠየቅንም። ቡታጅራ ላይ ሬዱ ጥፋቱን ለራሷ ወሰደችው፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቀረሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይኼው ነው፦ ሁለት ቀን ሙሉ ሕዝቡን ፈራሁ፣ ገደሉን ፈራሁ፣ ልጅቷን አንድ ነገር ያደርሱባታል ብዬ ፈራሁ፤ ያደረስኩባት ግን እኔ ነበርኩ፣ ያውም በዝምታዬ።

ስለዚህ ወልቂጤ ላይ በግራ በኩል ቆመህ እጅህን አንስተህ የጠበቅኸው፣ ያቺን ላስቲክ የወረወርክ ልጅ፣ ይህ ማስታወሻ ላንተ ነው። መቆጣትህ ልክ ነበር፤ የሳትከው ኢላማህን ብቻ ነው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ፣ መርፌ ደረቴ ላይ ሰክቼ ቆሜ ነበር።