ሳልጠይቀው የለቀቅኩት ስም

ባለፈው ሳምንት አንድ ኢሜይል ደረሰኝ። ባለቤቴ ዳዊት ካረፈ አምስት ወር ሊሞላው ነው፤ ከእንግዲህ እግዜር ያጽናሽ ከሚለኝ በቀር የሚጽፍልኝ ሰው የለም ብዬ ነበር። የጻፈልኝ የማላውቀው ወጣት ነው። «ቀን የሚለውን ትእዛዝ ይዞ የቆየው ፕሮግራም ተንከባካቢ ስለሌለው ከነጻ ፕሮግራሞች ስብስባችን ወጥቷል። ስሙ አሁን ባለቤት የለውም። የእናንተ ፕሮግራም ጸሐፊ መልሶ ሊወስደው ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቁልን» ይላል።

ይጠይቁልን አለ። ደግሜ አነበብኩትና ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

ያ ፕሮግራም ሲጻፍ እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ዳዊት በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ የምድር ባቡር ሰዎች ይኖሩበት በነበረ ግቢ ውስጥ፣ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ተከፍቶ ሁለታችንም እዚያ እናስተምር ነበር። ሦስተኛው አስተማሪ አብዲ ነው። ጠዋት ጠዋት ሦስታችን አንድ ሳህን ፉል ከበን እንበላለን፤ ቃሪያውን ዳዊት ለእኔ ይተውልኛል። ከሰዓት በኋላ ተማሪ በሙቀቱ ምክንያት ስለማይመጣ፣ ኢንተርኔቱም በስልክ መስመር እየተጎተተ ስለሚመጣ፣ ጊዜ ሞልቶን ነበር። ያን ጊዜ የነበረንን ትርፍ ጊዜ ሳስበው አሁን ያስቀናኛል።

ዳዊት በዚያ ትርፍ ጊዜ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን፣ የፈረንጁን ወደ እኛ ይለውጣል። ፕሮግራሙ የሚጠራበት ትእዛዝ በላቲን ፊደል «ቀን» የሚል ብቻ ነው፤ ቃሉን ጽፎ ቁጥሩን ማስከተል ነው። ማንም በነጻ ይውሰደው፣ ያሻሽለው ብሎ ለቀቀው። የእኔ ሥራ ማሸግ ነበር። ነጻ ፕሮግራሞችን አሰባስቦ ለዓለም የሚያድል የበጎ ፈቃደኞች ቡድን አለ፤ ሌላው የጻፈውን ተቀብዬ፣ የሚጎድለውን አሟልቼ፣ ማንም ሰው ያለ ድካም ኮምፒውተሩ ላይ እንዲጭነው አድርጌ እልክላቸዋለሁ። ገና ሙሉ አባል አልነበርኩም፤ እየፈተኑኝ ነበር።

የዳዊትን ፕሮግራም አሽጌ ወደ ቡድኑ ስልከው፣ ሩቅ አገር ያለ አንድ ሰው ለሌላ ሥራ የሚውል ፕሮግራም በዚያው ስም ልኮ ኖሮ ሁለቱ ተጋጩ። በቡድኑ ደንብ የተለያየ ሥራ ያላቸው ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ትእዛዝ ሊጋሩ አይችሉም። ባለቤቶቹ ተነጋግረው አንዱ ይለቃል። ካልተስማሙ ሁለቱም ስሙን ያጣሉ።

«ዋርያ፣ ለስም ነው እንዴ የምትጣላው?» አለው አብዲ። «እኛ ሰፈር አምስት አህመድ አለ። ማንም ግራ ገብቶት አያውቅም።»

«አህመድ ብለህ ስትጣራ አምስቱም ዞር ይላሉ፤ የፈለግከውን ትመርጣለህ» አለ ዳዊት። «ማሽን አንዱን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሁለተኛው ሲመጣ የመጀመሪያውን ደፍጥጦ ይቀመጣል።»

«አቦ፣ እንግዲያው ልቀቅለትና እንገላገል!»

«ቀንን ቀን ካላልኩት ምን ልበለው?»

ሰውየውም እንደ ዳዊት ግትር ነበር። ደብዳቤ በእኔ በኩል ሲመላለስ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ የዓመቱ ስብስብ የሚዘጋበት ቀን ተቃረበ። በመሃሉ ሐርላ መንደር ያለች፣ እንደ እናት ያሳደገችው አክስቱ ታመመችና ዳዊት ሊያስታምም ሄደ። እዚያ ስልክ አልነበረም። ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እስክመለስ ምንም እንዳትመልሺለት፤ አስብበታለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት።

በአራተኛው ቀን ለሰውየው ጻፍኩ። «ስሙን እንለቃለን» አልኩ። ለዳዊት ትእዛዝም ረጅምና ሸካራ ስም፣ ለመጻፍ የሚሰለች ነገር፣ እኔው አወጣሁለት። ለአብዲ ቀኑ እንዳያልፍብን ነው አልኩት። ለራሴም ለብዙ ዓመት እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። እውነቱ ሌላ ነው። ከቡድኑ ታላላቆች አንዱ፣ ጠብ የሚያበርድ ሰው በጣም እንደሚፈልጉ ጽፎልኝ ነበር። እንዲያመሰግኑኝ ፈለግሁ። የሰጠሁት ግን የእኔ አልነበረም።

ዳዊት በማግስቱ ተመለሰ። አክስቱ ተሽሏታል። ጥቅምት ስለነበር አንድ እስር ጥንቅሽ ተሸክሟል፤ ደስ ብሎታል። ጥንቅሹን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ፣ ሳይቀመጥ፣ «በይ ጻፊ» አለኝ።

«ምን ብዬ?»

«ስሙን ይውሰደው በይው። ስሄድ ስመለስ ሳስብ ነበር። እሱም እንደ እኔ ደክሞበታል። ለእኔ ከቀን የሚሻል ስም አግኝቻለሁ፤ ብትሰሚው ትስቂያለሽ።»

አብዲ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ጥንቅሹን አየሁ።

«ምን ሆነሻል?»

«ጽፌለታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«እንለቃለን ብዬ።»

«እንለቃለን? እኔና ማን?»

ስብስቡ ሊዘጋ ገና አንድ ቀን እንዳለ፣ እሱ ያገኘውን ስም አሁኑኑ ልተካው እንደምችል ነገርኩት። ስሙ ማን እንደሆነ ጠየቅሁት። «አንቺ ያወጣሽለት ይሁን» አለና ወጣ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። አብዲ አንድ ጥንቅሽ ሰብሮ ሳይልጠው መልሶ አስቀመጠና፣ «አንቺ ልጅ፣ ልጁ እኮ ሊሰጥ ነበር የመጣው» አለኝ።

በሁለት ወሩ ሙሉ አባል ሆንኩ። የምስጋናውን ደብዳቤ ዳዊት ራሱ ቁርስ ላይ አነበበልን፤ «አለመግባባትን በማስተዋል የፈታች» የሚል ነበረበት። ጨርሶ አጠፈውና፣ «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ቃሪያውን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

በዓመቱ ተጋባን። ለምን እንዳገባኝ ጠይቄው አላውቅም። ደግ ባል ነበር፤ ክፉ ቃል ከአፉ አልወጣም። ኋላ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ሠራተኛ ሆነ። ለራሱ ፕሮግራም መጻፉን አልተወም፤ ግን አንዱንም ለሰው አልለቀቀም። «ላሽግልህ» ባልኩት ቁጥር፣ «ይቅር፣ ለራሴ ነው» ይለኛል። እኔም የሌሎች ሰዎችን ፕሮግራም ማሸጌን ቀጠልኩ። ሁለታችንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነበር የምንሠራው።

በመጨረሻ ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ ሐርላ ያገኘው ስም ማን እንደነበር ጠየቅሁት።

«ረሳሁት» አለ።

ዳዊት የሰው ስልክ ቁጥር አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚይዝ ሰው ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እኔም አንሶላውን አስተካከልኩለት።

ልጄ ኢሜይሉን ስታይ፣ «እማዬ፣ ውሰጂው እንጂ! የአባዬ እኮ ነው» አለች። ትናንት ለወጣቱ መለስኩለት፤ «የፕሮግራሙ ጸሐፊ አርፏል። በእርሱ ፈንታ ልመልስ አልችልም» አልኩ። ልጄ አኩርፋኛለች። ስሙን አባቷን ለማስታወስ ፈልጋው ነው፤ አልፈርድባትም። እኔ ግን ስለዚያ ስም አንድ ጊዜ በዳዊት ፈንታ ተናግሬያለሁ። ዛሬ ልጠይቀው ብል መንገድ የለም። ያን ጊዜ ግን ሐርላ ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም ነበር።