አክስቴን የገደልሁበት የእግር መንገድ

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። እንጅባራ ላይ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበርሁ፤ ቦርጬ ከእኔ ቀድሞ በር የሚገባ። ደረቴን እየወጋኝ ቢያስቸግረኝ አዲስ አበባ ሄጄ ታየሁ። ሐኪሙ ደምዎ ውስጥ ስብ በዝቷል አለኝ፤ ስሙንም ኮሌስትሮል ብሎ ነገረኝ። መድኃኒት ይሰጠኛል ብዬ ብጠብቅ፣ «ቅቤና ጮማ ይተዉ። በቅሎዎንም ይተዉና በየቀኑ አንድ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ፤ አለዚያ ልብዎ አይችለውም» ብሎ አሰናበተኝ።

ቅቤውን መተው አላቃተኝም። ጾም የለመደ ሰው ነኝ፤ የጾሙን ወጥ በፍስኩም ቀጠልሁበት። ያቃተኝ የእግር መንገዱ ነው። በእኛ አገር ሰው ያለ ጉዳይ አይሄድም፤ ወይ ገበያ፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን፣ ወይ ለቅሶ ነው። በቅሎ ያለው ሰው በእግሩ ከታየ ደግሞ ወይ በቅሎዋ ሞታለች፣ ወይ እሱ ተሽሯል። ቅቤ በዝቶብኝ ነው እንዳልል፣ የምነግራቸው ሰዎች ቅቤ የሚቀምሱት ለዓመት በዓል ነበር። አፈርሁ።

በሦስተኛው ቀን ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ በሚወስደው መንገድ እያለከለክሁ ስሄድ አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ከእርሻቸው ላይ ሆነው ጠሩኝ።

«ምነው ጌታዬ፣ በእግርዎ? በደኅና ነው?»

«ለቅሶ ነው» አልሁ፣ እንዲተዉኝ ብዬ።

«ኧረ! ማን ሞተ?»

ከጋራው ማዶ የምትኖር አክስት ነበረችኝ። አፌ ላይ የመጣችልኝ እሷ ናት፤ «አክስቴ» አልሁ።

«እኒያን የመሰሉ ሴት!» ብለው በሬዎቻቸውን ከቀንበር ፈቱ። ልቅደም ብል «ብቻዎንማ አይሄዱም!» ብለው ተቆጡኝ። ተጣርተው ጎረቤቱን ሰበሰቡ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ እያጣፉ ወጡ። ወንዙን ስንሻገር አሥራ አምስት ሳንሞላ አንቀርም ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔው ግን በየእርምጃው ይከብድ ጀመር። አሁን ልንገራቸው፣ አሁን ልንገራቸው ስል ጋራውን ጨረስነው።

የአክስቴ አጥር ሲታይ አንዲቱ በአገውኛ ሙሾ አወጣች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። አክስቴ ደጇ ላይ ገብስ እያሰጣች ነበር። እኔን ከፊት፣ አልቃሹን ከኋላ ስታይ የእኔ ቤት ሰው የሞተ መሰላት። ደረቷን እየደቃች ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ፤ «ልጄን! ማን ሞተብህ?» እያለች ታለቅስ ጀመር። ለቀስተኛው ሙሾውን አቋርጦ እሷንና እኔን ያይ ጀመር።

መናገር ነበረብኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስለ ስቡ፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ እግር መንገዱ ተናገርሁ። ሽማግሌው «ቅቤ ሲበዛም ያማል እንዴ?» አሉ። ሊያሾፉብኝ አልነበረም፤ የምር ጠይቀውኝ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ከሥራቸው ያስፈታኋቸውን ሰዎች ይቅርታ ልለምን ስል አክስቴ ቀደመችኝ።

«ተዉት፣ አትቆጡት» አለቻቸው። «እንኳንም ሞትሁለት። ባልሞት መቼ ይመጣ ነበር?»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ባሏ የሞተ ጊዜ ሥራ በዛብኝ ብዬ ሰው ነበር የላክሁት።