ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ

በጃንሆይ ዘመን ንፋስ መውጫ አስተማሪ ሳለሁ፣ የጥር ዕረፍት ሲደርስ ቤተ ልሔም ደብር ወደሚኖሩት አጎቴ እወርድ ነበር። አጎቴ ብራና ላይ የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። በዚያ ዓመት ስማዳ ውስጥ ያለ አንድ ደብር የሣር ክዳኑ ተቃጥሎ የግእዝ መጽሐፉን አጥቶ ነበርና፣ ከቤተ ልሔሙ መጽሐፍ ግልባጭ እንዲጽፉለት ለመናቸው። እኔ ስደርስ ጽፈው ጨርሰዋል። የቀረው ማመሳከር ነው፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ሳይመሳከር ከእጃቸው አይወጣም።

አሮጌውን እኔ፣ አዲሱን እሳቸው ይዘን ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። ፊደል በፊደል ማስተያየት ስንጀምር ችግሩ ወዲያው መጣ። የጥንቱ ጸሐፊ አንዱን ቃል እዚህ በሐመሩ ሐ፣ እዚያ በሃሌታው ሀ ይጽፋል። አጎቴ ደግሞ እጃቸው በለመደው ጽፈውታል። በየመስመሩ ይለያያል እያልሁ አስቆማቸዋለሁ፤ አይተው ያው ነው ይሉኛል፤ እንቀጥላለን። እስከ ምሳ አንድ ቅጠል ብራና እንኳ አልገፋንም። መላ ያገኘሁ መስሎኝ፣ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ፊደል ወረቀት ላይ ገልብጠን ብናስተያይስ አልኋቸው። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ መጻፍ ማለት ነበር።

ከሰዓት በኋላ የቤተ ልሔሙ ደብር የንባብ መምህር፣ የኔታ፣ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ዓይናቸው ደክሞ መጽሐፍ ማየት ከተዉ ቆይተዋል። አጎቴ ሥራው እንደተጓተተባቸው ሲነግሯቸው፣ ከመካከላችን ተቀመጡና ሁለታችንም ባንድነት ድምፅ አውጥተን እንድናነብ አዘዙን።

«ፊደሉ ቢለያይስ፣ የኔታ?» አልኋቸው።

«አፍህ ሲገባ አንድ ይሆናል። ምንም አትጻፍ፤ ድምፃችሁ የተለያየበት ላይ ብቻ ቁሙ።»

ጀመርን። መጀመሪያ ተንገዳገድን፣ ከዚያ ገጠመ። ያን ቀን የሰማሁትን እስካሁን አልረሳሁትም። በዓይን ሲጣሉ የዋሉት ሁለት መጻሕፍት በጆሮ አንድ ሆነው ይፈሱ ጀመር፤ የአጎቴን ድምፅ ከራሴ መለየት አቃተኝ። ቅጠሉ እየተገለጠ ሄደ። ድንገት ድምፃችን ለሁለት ተሰነጠቀ። ሁለት መስመሮች በአንድ ቃል ስለሚያልቁ የአጎቴ ዓይን ከላይኛው ወደ ታችኛው ዘልሎ አንድ መስመር ቀርቷል። የቀረውን ኅዳጉ ላይ ጻፉና ቀጠልን።

ከብዙ ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ የኮምፒውተር ፕሮግራም ስጽፍ፣ ማሽኑ «ዓለም»ን ከ«አለም» ጋር አንድ አድርጎ እንዲያይ ተጠየቅሁ። ጓደኞቼ ጽሑፉን ሁሉ አስቀድመው በአንድ ፊደል ያስገለብጡት ነበር፤ ማሽኑም ይንቀራፈፋል። እኔ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን እያስኬድሁ፣ ተራው የደረሰውን ፊደል ብቻ ወደ አንድ መልክ አምጥቼ፣ መጀመሪያ በተለያዩበት ላይ አስቆምሁት። ፈጣን ሆነ።

በዚያ ደጃፍ ላይ ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ስለ ንጋት የሚናገር ንባብ ላይ ደርሰን፣ ድምፃችን ሳይለያይ፣ የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ ‹ሠረቀ› በየትኛው ተጽፏል?»

በአሮጌው በንጉሡ ሠ ነው፤ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው። አጎቴ በእሳቱ ሰ ጽፈውታል፤ ፀሐይ ሌባ ሆኗል። አጎቴ ፈገግ ብለው ቢላቸውን አነሡና ፊደሉን ፋቁት።

ይህን ብቻ እንዴት ነጥለው እንደጠየቁ የኔታን ጠየቅኋቸው።

«ሁሉን ብጠይቅ አንጨርስም፤ ምንም ባልጠይቅ እንስታለን» አሉኝ።

ከዚያ ፊደሉ ሲለወጥ ምሥጢሩ የሚለወጥባቸውን ቦታዎች፣ ከመጽሐፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው፣ በጣታቸው እየቆጠሩ በተራ በቃላቸው ወረዱት። አፌን ከፍቼ አዳመጥሁ። መጽሐፉ በሙሉ እዚያ ደካማ ሰውነት ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ዕረፍቴ ሳያልቅ የስማዳ ካህናት መጡ። መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ጥላ ዘርግተውለት፣ እየተፈራረቁ ተሸክመው ቁልቁለቱን ያዙ። አጎቴና እኔ እስከ አፋፉ ሸኘናቸው። የታች ደኖች እስኪውጧቸው ድረስ ሲያዜሙ ይሰማን ነበር።